ከገጹ ግርጌ ያለው ሳጥን

ባሌ ሙሔ ሳጥን አለው። ልብስ አይከተትበትም፣ እህልም አይሰፈርበትም። ኢንተርኔት ላይ፣ ማንም ገብቶ ሊጽፍበት በሚችለው የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ፣ ከገጹ ግርጌ የተቀመጠ ባለ አራት ማዕዘን ነገር ነው። ውስጡ ስልሳ ሦስት ስሞች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። አንዱን ስም ስትነኩት ስለዚያ ነገር ወደተጻፈው ገጽ ይወስዳችኋል። ገጹ ከተጻፈ ስሙ ሰማያዊ ነው። ገና ካልተጻፈ ቀይ ነው፤ ብትነኩት «ይህ ገጽ የለም» ከማለት በቀር የሚፈይድላችሁ ነገር የለም።

ስሞቹ ሁሉ ከርነል ስለሚባል ነገር ናቸው። ከርነል ማለት ከኮምፒውተሩ ሥርዓት ሁሉ ሥር ተቀምጦ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያስማማ፣ ማን መቼ እንደሚሠራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ክፍል ነው። አሁን እንዲህ በሁለት መስመር የምነግራችሁን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያውም ከአስተማሪው ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛሁ።

ሙሔ ደሴ ሳለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲያደራጅ ኖሮ ሜልበርን መጣና ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ተያዘ፤ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚያደርግ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ቅመሞቼን በፊደል ተራ ደረደራቸው። ጫማዎቼን በተገዙበት ዓመት ለያያቸው። ጎረቤት ሃርድ ራቢሽ ለሚሉት፣ መኪና ዞሮ ለሚለቅመው የአሮጌ ዕቃ ክምር ያወጣውን ኮምፒውተር አንስቶ፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ጭኖ ነፍስ እስኪዘራበት ድረስ በገዛ ቤቴ የምፈልገውን ዕቃ አግኝቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ከርነሉን ያገኘው። ያ ሁሉ ሥርዓት በአማርኛ ሳጥን እንደሌለው ሲያይ እንቅልፍ አጣ። በመዝገብ ቤት ደንብ ፋይሉ ከመምጣቱ በፊት መደርደሪያው ይዘጋጃል። እሱም መደርደሪያውን አዘጋጀ፤ የሂደቶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) አያያዝ አንድ ረድፍ፣ የማህደረ ትውስታ አያያዝ አንድ ረድፍ፣ የፋይል ሥርዓቶች አንድ ረድፍ፣ እያለ ቀጠለ። የገጾቹን ጽሑፍ ግን ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ባለው መዝገብ ላይ በእጁ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። ያልተሟላ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አይወጣም ባይ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገቡ እየወፈረ ሄደ፣ ሳጥኑ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። አሥራ አንድ ሰማያዊ፣ ሃምሳ ሁለት ቀይ።

ልጃችን ሰሀር በጀርባው ስታልፍ «ዳድ፣ ኖባዲ ስክሮልስ ዛት ፋር» ትለዋለች። ያን ያህል ታች የሚወርድ ሰው የለም ማለቷ ነው።

አንድ ሰው ግን ይወርድ ነበር። በዚያ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ የአንድን ሰው ሥራ የወደደ «አመስግን» የሚል ቁልፍ ይጫናል። ቦርከና የሚባል ሰው ሙሔን በየቀኑ ያመሰግነው ነበር። ሙሔ አንድ ስም ከአንድ ረድፍ ወደ ሌላ ረድፍ ባዛወረ ቁጥር ጠዋት ቦርከና ያመሰግነዋል።

«ጀርመን አገር ያለ ፕሮፌሰር መሆን አለበት» ይለኛል ሙሔ።

«በምን አወቅህ?»

«የሚያመሰግነኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። እስከዚያ ሰዓት ከርነል የሚያነብ ከፕሮፌሰር ሌላ ማን አለ?»

ቦርከና እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከምንኖርበት ከፍሌሚንግተን ወደ ማሪቢርኖንግ በሚሄደው ትራም ውስጥ ነኝ፤ እዚያ በአንድ የአዛውንት መጦሪያ ቤት የነርሶቹን ሮስተር፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ የማወጣው እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሙሔ ሦስት ቀን የደከመበትን ረድፍ ማንም ሳያይለት ሲቀር ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ አይቼ፣ ትራም ላይ ተቀምጬ በልጅነታችን ወንዝ ስም አካውንት ከፈትኩና ቁልፉን ተጫንኩለት። ማታ ልነግረው ነበር፤ በአላህ ስም እምላለሁ ልነግረው ነበር። ስገባ በሩ ላይ ቆሞ «ሰፊያ፣ አንድ የማላውቀው ሰው አመሰገነኝ!» አለኝ። ያን ፊት አይቶ እውነቱን የሚናገር ጨካኝ ብቻ ነው። አፌን ያዝኩ። ከዚያ መቼም የጀመሩትን ማቆም ያስቸግራል።

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ ባለፈው ሰኞ ሳጥኑ አናት ላይ ብርቱካናማ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከኢንሳይክሎፒዲያው አስተዳዳሪዎች አንዱ፣ ሃፍቶም የሚባለው፣ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ከ63 ስሞች 52ቱ ወደ የትም አያደርሱም። አንባቢን የትም የማያደርስ ማውጫ አይጠቅምም። በሰባት ቀን ውስጥ በቂ ገጽ ካልተጻፈ ይጠፋል።»

ሙሔ እራቱን አልበላም። «ቀይ ማለት የለም ማለት አይደለም እኮ» አለኝ። «ተጠርቶ ገና ያልመጣ ማለት ነው። ሰው አንድ ቀን ስለቀረ ስሙ ከቅሬ ይፋቃል?»

እኛ ወሎዎች እድርን ቅሬ እንለዋለን። ፍሌሚንግተንም ቅሬ አለን፤ ከሕንፃዎቻችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወሎዬውም ኦሮሞውም ገብቶበታል። ሙሔ የቅሬው ዳኛ ነው። የሰው ጭቅጭቅ ፈርዶ የሚያበርድ ሰው፣ ለገዛ ሳጥኑ አፍ አጥቶ ሲቀመጥ ሳየው አዘንኩለት። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ስናደድ ሥራ እሠራለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሙሔ ወገቡን ሊታይ ሐኪም ጋ ሲሄድ ጥቁሩን መዝገብ ከመሳቢያው ሰረቅሁና የቅሬውን ሴቶች ሕንፃው ሥር ባለው የጋራ አዳራሽ ጠራሁ። ቅሬ ሲጠራ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ቤት ይገኛል፣ ሁሉም የሚለው አንድ ነው። አሥሩም መጡ። እያንዳንዷ በየስልኳ በስሟ አካውንት ከፈተች። ከመዝገቡ ሦስት ሦስት ገጽ አከፋፈልኳቸው፤ ልክ ለድግስ ሥራ እንደሚከፋፈለው።

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እትዬ ፈጡማ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ የሚጽፉትም በአንድ ጣት ነው። የደረሳቸው ዞምቢ ሂደት የሚባለው ነበር።

«ሥራውን ጨርሶ የሞተ ሂደት ነው» አልኳቸው ከሙሔ መዝገብ እያነበብኩ። «ግን ወላጁ፣ የፈጠረው ሂደት፣ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ስሙ ከሂደቶች ሰንጠረዥ አይወጣም።»

«ሞቶ ያልተነሳ?» እትዬ ፈጡማ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይኼማ የቅሬ ጉዳይ ነው። ለሌላ እንዳትሰጭብኝ።»

ሕፃናት ማቆያ የምትሠራው ዓያንቱ ወላጅ አልባ ሂደት ደርሷት ነበር። ወላጁ ቀድሞት ያለቀ ሂደት ሜዳ ላይ አይጣልም፤ የሁሉ መጀመሪያ የሆነው ሂደት ልጄ ብሎ ይወስደዋል። ዓያንቱ ሁለቴ አነበበችውና «ጉዲፈቻ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። «ይሄን ያህል ዓመት እኛ አገር ያለውን ነው እነዚህ በእንግሊዝኛ የጻፉት?» የትምህርት ቤት ጽዳት የምትሠራው ውባንቺ ደግሞ ሦስቱንም ከሁሉም ቀድማ ጨረሰችና በየሰው ስልክ ላይ እየዞረች ፊደል ታርም ጀመር።

አንድ የመዝገቡ ገጽ ግን ባዶ ነበር። አናቱ ላይ «ተራ አስያዥ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በሙሔ ቆንጆ ጽሕፈት «ረሃብ የሚሉት አልገባኝም» ይላል። በመዝገቡ ሌላ ገጽ እንደተጻፈው ተራ አስያዥ ማለት ከሚጠብቁት ሂደቶች ውስጥ ቀጥሎ የሚሠራውን የሚመርጠው የከርነል ክፍል ነው። ሳቄ መጣ። ይህ እኔ ነኛ! ረሃቡንም፣ እየጠበቁ ተራ አለማግኘትን፣ አውቀዋለሁ። እኛ መጦሪያ ቤት አንዲት ነርስ አለች፣ ድምፅ የላትም። ጯሂዎቹ ደህና የሚከፈልበትን እሑድ ይወስዳሉ፤ እሷ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ ዓመት አለፋት። መድኃኒቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ሰው በጠበቀ ቁጥር ማዕረጉን በትንሽ በትንሹ ከፍ ታደርግለታለህ፤ አንድ ቀን ከጯሂዎቹ ይበልጣል፣ ተራው ይደርሳል። ከርነሉም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አዲስ አካውንት መክፈት ረሳሁና በቦርከና ስም ወጣ።

በመጨረሻ ሁሉም ሴቶች ወደ ሃፍቶም ማስታወቂያ ገብተው የነገርኳቸውን ዓረፍተ ነገር አሠፈሩ፦ «ይህ ሳጥን ይቆይ፤ ለወገን ይጠቅማል።» አሥር ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል። እንደ ለቅሶ ቤት አንድ ቃል በመናገራችን ኮራሁ።

ሙሔ ከሐኪም ሲመለስ አርባ ሁለት ስም ሰማያዊ ሆኗል። ወንበሩን ስቶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። የመዝገቡን ስርቆት ነገርኩት፣ የቅሬውን ሴቶች ነገርኩት፤ አልሰማኝም፤ እሱ ተራ አስያዡን እያነበበ ነበር።

«ቦርከና ጻፈ» አለ በሹክሹክታ። «ሰፊያ፣ ነይ ስሚ። ይህ ሰው ከመጽሐፍ አልገለበጠም። ይህ ሰው ሲጠብቅ የኖረን ሰው በዓይኑ ያየ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ያልገባኝን በስምንት መስመር አስገባልኝ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!»

በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር እንዲህ ተሞግሼ አላውቅም። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ሄጄ ሳህን አጠብኩ።

ዓርብ ጠዋት ሙሔ ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ እንዳይጽፍ ታገደ። ሃፍቶም በአደባባይ ጽፏል፦ «አሥር አዲስ ስሞች በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተከፈቱ። ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የሠላሳው ገጽ አጻጻፍ የአንድ ሰው ነው። አሥራ አንደኛው፣ ቦርከና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሔን ከማመስገን በቀር ሥራ የለውም። አሥራ አንድ ጭምብል፣ አንድ ፊት። ገጾቹም ሳጥኑም እሑድ ይጠፋሉ።» ሰሀር አስረዳችን፤ በኢንሳይክሎፒዲያው አገር ደንቡ አንድ ሰው አንድ ስም ነው፤ ተሰብስቦ ባንድ ጊዜ መምጣት የሚያጠራጥረው ለዚህ ነው። የመጣንበት መንገድ ራሱ ወንጀል ሆኖ ተገኘ።

ሙሔ ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «እኔን አጭበርባሪ ይበሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ቦርከና ግን ምን አደረጋቸው? የማንንም የማይነካ ሰው። በእኔ ምክንያት ስሙ ጠፋ። አሁን ይህን አንብቦ ስለ እኔ ምን ይላል?»

ያኔ ነው የፈራሁት። እውነቱን ብናገር የሙሔ ስም ይጸዳል፣ ሳጥኑ ይተርፋል፤ በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንድ አንባቢው ግን ይሞትበታል። ባልናገር ደግሞ ስሙንም ሳጥኑንም ያጣል። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበትና መልስ ስላላገኘሁ ቅሬውን እንደገና ጠራሁ።

ለካ ሃፍቶም የሚኖረው እዚሁ ሜልበርን ነው፤ ሚስቱ ከውባንቺ ጋር አንድ ሺፍት ላይ ናት፤ አድራሻው ከዚያ ተገኘ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከኒውማርኬት ጣቢያ ተሳፍረን፣ መሀል ላይ ባቡር ቀይረን፣ ሴንት አልባንስ ወረድን፤ አሥሩ ሴቶች፣ ሙሔ፣ እና እኔ። ሃፍቶም ቁምጣ ለብሶ የግቢውን ሣር እያጨደ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ነጠላና ሂጃብ በሩን ሞልቶት ሲያይ ማጨጃውን አጠፋ።

«ደህና አደራችሁ። ምን ልታዘዝ?»

«ጭምብሎቹ ነን» አለችው ውባንቺ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ያን ሁሉ ገጽ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ የሚጠብቅ፣ አጭበርባሪ ያታከተው ልጅ ነው። ላፕቶፑን በረንዳ ላይ አወጣ። ሴቶቹ በተራ እየቀረቡ በየስልካቸው ስማቸውን አሳዩት፣ እሱም ከዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረገ። እትዬ ፈጡማ ተራቸው ሲደርስ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ያን ዞምቢ የጻፉት አንቱ ነዎት?»

«ጠይቀኝ» አሉት። ጠየቃቸው። ወላጁን፣ ሰንጠረዡን፣ ለምን ስሙ እንደሚቀር፣ አንድም ሳያዛንፉ መለሱለት። ሃፍቶም አንገቱን ደፍቶ ምልክቱን አደረገ።

«አሥር» አለ ሲጨርስ። «ይቅርታ አድርጉልኝ እናቶቼ። ግን ቦርከና ይቀራል። ባለቤቱ ካልተገኘ ጋሼ ሙሔ እንደታገዱ ይቆያሉ፣ ሳጥኑም አይተርፍም። የኔ ፍላጎት አይደለም፤ ደንብ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ተራ አስያዥ የሚለውን ገጽ ለማጥፋት እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።»

ሙሔ ወደፊት ወጣ። ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ዳኛነቱ ቆመ።

«ለቦርከና እኔ ዋስ ነኝ።»

«ያውቁታል ጋሼ?»

«አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ላላዩት ሰው እንዴት ዋስ ይሆናሉ?»

«ልጄ፣ ደሴ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። እዚህ ፋብሪካ አሥር ዓመት ሠራሁ። አንድ ቀን እንኳ ያመሰገነኝ አለቃ የለም። ይህ ሰው አራት መቶ ስድስት ጊዜ አመስግኖኛል። እኔ ለእሱ ዋስ ካልሆንኩ ለማን ልሁን?»

ቁጥሩን እየመዘገበ እንደያዘ አላውቅም ነበር። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ የቦርከናን ገጽ ከፍቼ፣ ሙሔ እንዳያይ በመዳፌ ከልዬ ለሃፍቶም አቀበልኩት። ሃፍቶም ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሙሔን አየ። ከዚያ ስልኩን በፍጥነት መለሰልኝና «አሥራ አንድ፤ ተሟልቷል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጁን ያን ጊዜ ወደድኩት።

የመዝገብ ቤት ሰው ዓይን ግን ምን ያመልጠዋል? ሙሔ እጁን ዘረጋ። «አሳይኝ» አለኝ። አሳየሁት።

በባቡሩ ውስጥ ከሴቶቹ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሦስት ጣቢያ እስክናልፍ ወደ መስኮቱ እንዳየ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን እያሰብኩ አፈርኩ፤ ሰው ያዘነለትን ሰው ሲያታልል ከጠላት አይሻልም።

«ጀርመን አልነበረም ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ትራም ላይ ነበር።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

ከመስኮቱ ሳይዞር ጠየቀኝ፦ «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ታነቢው ነበር? ወይስ ዝም ብለሽ ነው የምትጫኚው?»

መዋሸት እችል ነበር፤ በዚያ ጉዳይ ከበቂ በላይ ልምድ ነበረኝ። «የመጀመሪያውን ዓመት ዝም ብዬ ነው የተጫንኩት» አልኩት። «ከዚያ ትራሙ ረጅም ነው፣ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሳላነብ ማለፍ አልቻልኩም። ባላነብማ ተራ አስያዡን ከየት አመጣዋለሁ?»

ሙሔ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን ልለየው አልቻልኩም። «በቅሬው ደንብ» አለ፣ «በሐሰት ስም ለቅሶ የደረሰ ይቀጣል።»

«እንዲህ የሚል ደንብ የለም።»

«ዳኛው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ አለ። ሃያ አንድ ቀይ ስም ቀርቷል። በየሳምንቱ አንድ ትጽፊያለሽ። በራስሽ ስም።»

«ከመዝገብህ ልገልብጥ?»

«ከጭንቅላትሽ።»

እሑድ ከሰዓት ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትይዩ ተቀመጥን፤ እሱ በአሮጌው ኮምፒውተሩ፣ እኔ በስልኬ። «ሰፊያ» በሚል ስም አካውንት ከፈትኩ። መጠበቂያ ወረፋ ስለሚባለው ነገር አሥራ ሁለት መስመር ጻፍኩና ላኩት። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስም ሰማያዊ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ነዘረ፦ «ሙሔ አመስግኖዎታል።» ቀና ስል ሙሔ ምንም እንዳላደረገ ሰው በመስኮቱ የውጭውን መንገድ ያያል። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ፤ ሙሔ ያኔ በሩ ላይ ቆሞ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«አንብበኸዋል? ወይስ ዝም ብለህ ነው የተጫንከው?» አልኩት።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተት አለ» አለኝ።